«ባለቤቴ ሌሊቱን ዘብ ቆሞ ያድራል»

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት አገልግሏል፣ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ነው። እግሩን ቆስሎ ከታከመ በኋላ በሕመም ፈቃድ ቤት ከገባ አምስት ወሩ ነው። ቁስሉ ድኗል፤ ሌሊት ግን አይተኛም። ፍራሹን አንሥቶ ከበሩ ትይዩ አንጥፏል። ሦስት አራት ጊዜ እየተነሣ መቀርቀሪያውን ይነካካል። እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ይጮኻል። አንድ ሌሊት ልቀሰቅሰው ትከሻውን ብነካው አንገቴን አነቀኝ፤ ሲነቃ አለቀሰ። በጎረቤት ሠርግ ርችት ሲተኮስ የሰባት ዓመት ልጃችንን መሬት ላይ ጥሎ ተኛበት። ማታ ማታ አረቄ ጀምሯል። ልጁ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ይቆጣል። እናቱ ጠበል ይወሰድ ይላሉ። ወንድሙ ደግሞ «ወንድ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል፣ አትጨቅጭቂው» ይለኛል። ባለቤቴ አብዷል? ወዴት ልውሰደው? ያየውን እንዲነግረኝ ብጠይቀውስ ይቀለው ይሆን?

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ልበልሽ። አስቀድሜ የሚያስጨንቅሽን ልመልስ፤ ከጻፍሽልኝ እንደምረዳው ባለቤትሽ አላበደም። እብደት የምንለው ሰው የሌለ ድምፅ ሲሰማ፣ ያልሆነውን ሆኗል ብሎ ሲያምን ነው። ባለቤትሽ የሰማው ርችት እውነተኛ ርችት ነው፤ የሚነካካው መቀርቀሪያም እውነተኛ መቀርቀሪያ ነው። የተዛባበት የአደጋው ሚዛን ነው። የሠርጉን ቀን እስኪ ደግመሽ አስቢው። ልጁን መሬት ላይ የጣለው ሊጎዳው አልነበረም፤ በገዛ ሰውነቱ ሊከልለው ነው። ተኩስ ሲሰማ መውደቅና አጠገብ ያለውን ሰው መሸፈን በሥልጠና የገባ፣ በግንባር ነፍስ ያተረፈ ልማድ ነው። ባለቤትሽ ፈቃድ ወጥቷል፤ ልማዱ ግን ፈቃድ አልወጣም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም «የመድፍ ድንጋጤ» በሚል ትርጉም ሊወሰድ በሚችል ስም ስለ እንዲህ ዓይነት ወታደሮች ጽፏል። በዚያን ዘመን እንደ ፈሪ ተቆጥረው የተቀጡም ነበሩ። ዛሬ የምንጠቀምበት ስም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ የገባው በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ነው፤ ምሕጻሩ ፒቲኤስዲ፣ በእኛ አጠራር ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም ይባላል። አራት መልክ አለው። ያለፈው ነገር በቅዠትም ሆነ በቀን እየተመለሰ ያስጨንቃል። ሰውየው የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ሰውና ወሬ ይሸሻል። ስሜቱ ይደነዝዛል፣ ራሱንና ሰውን ይጠላል። አራተኛው አንቺ በብዛት የጻፍሽልኝ ነው፦ ብርግግ ማለት፣ ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በር በር ማየት። እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁና ኑሮን ሲያውኩ ነው ሕመም የምንላቸው። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ነገር ግን አምስት ወር የቆየ ነገር ምርመራ ይገባዋል ለማለት ደብዳቤሽ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ከእሱ አጣሪ። አጠገቡ ፍንዳታ ደርሶ ራሱን ስቶ ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸት፣ የመርሳት ችግር አለበት? በፍንዳታ የተናወጠ ጭንቅላት የሚያሳየው ምልክት ከዚህ ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ ብዙ ነው። እግሩን ያከሙት ሰዎች ይህን ሳይጠይቁት ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ የሚደማ ቁስል ሲኖር የማይደማው ወደ ኋላ ይቀራል።

አሁን ወደ ወንድሙ ምክር ልምጣ። ከእናቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። አጎቴ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሰሜን ግንባር በእግሩ ተጉዞ ቤታችን ሲገባ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ተበትኖ በየመንደሩ እንደ አጎቴ ገብቷል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ተቀምጦ ነበር የሚያንቀላፋው። እኛ ልጆች «ተዉት፣ አትንኩት፣ ይረሳዋል» ተብለን ነበር። ማለዳ ማለዳ ቤተሰቡ ሁሉ በየተራ «እንዴት አደርክ?» ይለዋል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ጠየቅነው፤ መልሱን ግን አንድም ቀን ቆመን አልጠበቅንም። ይህን የአእምሮ ሕክምና ሙያ ለምን መረጥህ ስባል የምናገረው ሌላ ነገር ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ግን አጎቴ ይመስለኛል።

በርግጥ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ ብዙው ሰው በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ያገግማል፤ ወንድሙ ያለው ለእነዚያ እውነት ነው። ቀንሶ ቀንሶ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲቀንስ ይታያል። የባለቤትሽ ግን ፍራሹ በር ድረስ መጥቷል፣ አረቄ ተጨምሮበታል። እየቀነሰ አይደለም፤ ሥር እየሰደደ ነው።

ታዲያ ያየውን ይንገርሽ? አይደለም፤ አትጠይቂው። ይህን የምልሽ በመጽሐፍ ስላነበብሁ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን አንድ ወታደር ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ተማሪዎች ከብበውኝ ሳለ፣ «ምን አየህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጫማውን እያየ ዝም አለ፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ አልመጣም። ስህተቱ የእኔ ነበር። ሰውን በአንድ ቁጭታ አስገድዶ ማናዘዝ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱን እንዲያውም እንደሚያባብስበት ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚያድነው ንግግር ሌላ ነው፤ በሠለጠነ ባለሙያ ፊት፣ በየሳምንቱ፣ ብዙ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት በሚደርስ ቀጠሮ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ያ የባለሙያው ሥራ ነው፤ አንቺ ሚስቱ ነሽ። በራሱ ጊዜ ሊነግርሽ ከጀመረ ግን ሥራሽን አስቀምጠሽ ስሚው። «ተመስገን፣ አንተ ተርፈሃል» አትበይው። ከጓዶቹ ተለይቶ መትረፉ ሊሆን ይችላል እንቅልፍ የነሣው።

ከዚህ ይልቅ ያንን የዕለት ሰላምታ በቁም ነገር ጠይቂው። «ሌሊቱን እንዴት አደርክ? ስንት ሰዓት ተኛህ? ስንት ጊዜ ተነሣህ?» ማስታወሻ ደብተር ግዢና በየጠዋቱ ሦስት ነገር ጻፊ፦ የተኛበት ሰዓት፣ የነቃበት ጊዜ ብዛት፣ የጠጣው መጠን። ይህን የማዝዝሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር አንድን ሃምሳ አለቃ «የአእምሮ ሕክምና እንሂድ» ማለት «አማኑኤል ትገባለህ» እንደማለት ይሰማል፤ ይህን ብለሽ የሚሄድልሽ ባል ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። እንቅልፍ ግን ማንንም አያሳፍርም። «እነሆ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሦስት ሰዓት በላይ አልተኛህም፤ እግርህም ያለ እንቅልፍ አይጠነክርም፤ ለእንቅልፉ እንታይ» በይው። ውሸት የለበትም። እኛም የምንጀምረው ከእንቅልፉ ነው። አብሮት ያገለገለ፣ የሚያምነው ጓድ ከተማው ውስጥ ካለ እሱ ቢነግረው ደግሞ ከእኔም ከአንቺም ቃል ይበልጣል።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከጤና ጣቢያ መጀመርም ትችያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት አጠቃላይ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያሠለጥንበትን መርሐ ግብር በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሯል፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። ይኸው ድርጅት በ2019 ባወጣው ግምት ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖር አምስት ሰው አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። ስለዚህ በዚያ ኮሪደር ላይ የምታገኙት ወታደር ብቻ አይሆንም፤ ገበሬም፣ መምህርትም፣ ነጋዴም ይኖራል።

የሚሰጠው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከድባቴ መድኃኒቶች ወገን ነው፤ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን ልትሰሚ ትችያለሽ። ሱስ አያሲዝም። በሳምንቱ ለውጥ ካልታየ ተብሎ የሚጣልም አይደለም፤ ለመሥራት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሊያውክ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘለት እሽጉ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤ ያ መድኃኒት በብዛት ከተወሰደ ልብን ያቆማል። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ከፋርማሲ ዳያዜፓም ገዝተሽ «ለእንቅልፍ» አትስጪው። ሌሊቱን ያስተኛዋል፤ ለዚህ ሕመም ግን አይመከርም፤ ሱስ ያሲዛል፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጾም ላይ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገረው። የሚዋጥበት ሰዓት ከጾሙ ጋር ሊስማማ ይችላል፤ በየዓቢይ ጾሙ መድኃኒት አቋርጠው ፋሲካን በሆስፒታል ያሳለፉ ሰዎች ስላየሁ ነው የምናገረው።

ስለ ጠበሉ የእናቱን ቃል አትናቂ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ አበረታተው ነበር፤ ያ ምክር ለዚህም ይሠራል። ጠበል ቦታ ማለዳ መነሣት አለ፣ ጸሎት አለ፣ ሰው አለ፤ ብቻውን በር ሲጠብቅ ለከረመ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ አስጠንቅቂ፤ መድኃኒት አይቋረጥ፣ ሰንሰለትና ዱላ አይቅረበው። ታስሮ የተደበደበ ወታደር ወዴት እንደተመለሰ የሚሰማውን አንቺው ገምቺ። ከጠበሉም በላይ የምመክርሽ የንስሐ አባቱን ነው። አንዳንዱን ሰው ሌሊት የሚቀሰቅሰው የደረሰበት ሳይሆን ያደረገው፣ ወይም ማድረግ ሲገባው ያላደረገው ነው። እኛ ለዚያ የምንሰጠው እንክብል የለንም፤ አስተዋይ ካህን ግን ለዘመናት የኖረ ሥርዓት አለው።

ቤት ውስጥ ሌሊቱን እንዲህ አድርጊ። ሲቃዥ አትንኪው፤ እንደገና ቢያንቅሽ ጥፋቱ የእሱም የአንቺም አይሆንም፤ ግን ይጎዳሻል። ከእግርጌው ራቅ ብለሽ ቆመሽ መብራት አብሪና በስሙ ጥሪው። «እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ነህ። ቤትህ ነህ። ልጁ ተኝቷል» በይው፤ ድምፅሽ ዝግ ያለ ይሁን። ሲነቃ ውኃ ይጠጣ፣ እግሩን ከወለሉ ያስነካ። አንድ ቅዠት እየተደጋገመ የሚመጣ ከሆነ በቀን፣ በብርሃን፣ የቅዠቱን መጨረሻ እሱ በፈለገው መንገድ ለውጦ እንዲጽፈውና በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል በሐሳቡ እንዲመላለስበት ባለሙያው ሊያስተምረው ይችላል። እንደ ተረት ይመስላል፤ ይሠራል።

ፍራሹን አሁኑኑ ከበሩ ለማንሣት አትታገይው። በሩን አንድ ጊዜ አብራችሁ ፈትሹ፣ መቀርቀሪያውን እሱ ይዝጋ፣ «ዘግተናል» ተባባሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ፍተሻ ለማዘግየት ይሞክር፣ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት፣ ቆይቶ ግማሽ። በሌላ በኩል ቤቱን ሁሉ ለእሱ ብለሽ ጸጥ አታሰኚው። ቤተሰብ በፍቅር የሚሠራው ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ ሬዲዮ ይዘጋል፣ እንግዳ ይቀራል፣ ልጅ በጣት ይሄዳል፤ ቤቱም ቀስ በቀስ ምሽግ ይሆናል። አስቀድሞ የሚታወቀውን ድምፅ ግን ንገሪው። «ዛሬ ማታ እነ እገሌ ሠርግ አላቸው፣ ርችት ይኖራል» ማለት ምንም አያስወጣሽም። የመስቀል ዋዜማ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ የክረምት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፤ የሚያውቀው ድምፅ ባልታሰበ ድምፅ መጠን አያስደነግጠውም።

የማታውን ቡና አስቀሪ፤ ለሌሊቱ ሲባል አቦልም ቶናም በረካም ከሰዓት በፊት ይጠጡ። ጫት ከጀመረ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው፤ ጫቱ እንቅልፉን ያባርራል፣ እሱን ለማብረድ መጠጥ ይፈለጋል። አረቄውም ቢሆን የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ሰዓት ይሰጥና ቀሪውን ሌሊት ይሰብረዋል፤ ቅዠቱም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚበረታው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ከሆነ በአንድ ቀን ቁርጥ እንዲያደርግ አታስምዪው። እጅ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሐኪም ይቀነስ።

ያልጻፍሽልኝ አንድ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? በጎጃም ጠመንጃ ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ የአባቱ ሊሆን ይችላል፣ የሕጋዊ ምዝገባ ወረቀትም ሊኖረው ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ አረቄና ጠመንጃ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም። እዚህ ላይ ያ «ይረሳዋል» የሚለው ወንድም ይጠቅመናል። ባለቤትሽ ራሱ ለጊዜው አደራ ብሎ ወንድሙ ዘንድ እንዲያስቀምጠው ይጠየቅ። ቀምተነው ሳይሆን ሰጥቶን ይሁን፤ ልዩነቱ ለእሱ ትልቅ ነው። ሰላማዊ ጊዜ መርጠሽ «መሞት ተመኝተህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ካለ ግን ሸክሙን ያቀልለታል። «አዎ» ካለና እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፣ ብቻውን አትተዪው።

ልጁን አትርሺ። የሰባት ዓመት ልጅ አባቱ ሲቆጣ «እኔ ነኝ ያስቆጣሁት» ብሎ ነው የሚያስበው። «አባባ እሩቅ ቦታ ሲሠራ ጆሮው ትልልቅ ድምፅ ለምዷል፤ ሐኪም እያየው ነው፤ አንተ አላጠፋህም» በይው፤ ከዚህ የረዘመ አያስፈልገውም። ለሁለቱ አንድ የጋራ ነገር ፈልጊላቸው። ማለዳ ሐይቁ ዳር፣ ገና ሰው ሳይበዛ፣ ታንኳዎቹ ሲወጡ መራመድ ለእግሩም ለእንቅልፉም ጥሩ ነው፤ ከፊት ክፍት ውኃ ስላለ ማንም ከዚያ በኩል እንደማይመጣ ያውቃል። ብዙ ወታደሮች ጣና ዳር ሲሆኑ ትከሻቸው ዝቅ እንደሚል አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል።

አንቺስ? አንዲት የወታደር ሚስት «ባል ያለኝ መበለት ነኝ» ብላኝ ታውቃለች። እሱ ሲዘምት ብቻሽን ቤቱን ይዘሽ ቆየሽ፤ ሲመጣ ደግሞ ዘቡን ተጋራሽው። በሳምንት ሁለት ሌሊት እናቱ ወይም እኅትሽ እናንተ ቤት አድረው አንቺ በሌላ ክፍል ሙሉ እንቅልፍ ተኚ። ሌሎች የሠራዊት ሚስቶችን ፈልጊ፤ በየዕድሩ አሉ፤ አንዷ ከተናገረች ሌሎቹ ይከተላሉ። ለሕመሙ ማዘን ደግሞ ዱላን መታገሥ ማለት አይደለም። እንቅልፍ ውስጥ ያነቀሽ ሌላ ነው፤ ነቅቶ፣ አውቆ እጁን ካነሣ ልጁን ይዘሽ ውጪ፤ የት እንደምትሄጂ ከአሁኑ ወስኚ፣ ለአንድ ጎረቤትም ንገሪ።

ወደ ምድቡ የሚመለስበት ቀን ሲቀርብ የሚለውን አውቃለሁ፦ «ከታወቀ ማዕረጌ ይቀራል።» ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ነገር ግን የሕክምና ቦርድ ውሳኔም ሆነ የጉዳት ጡረታ የሚታየው በወረቀት ነው፤ ካርዱ ላይ እግሩ ብቻ ተጽፎ ከተመለሰ ነገ ስለ እንቅልፉ የሚመሰክርለት ሰነድ አይኖርም።

በቀጠሮው ቀን ደብተርሽን፣ የእግሩን የሕክምና ወረቀትና የሚወስደውን መድኃኒት እሽግ ይዘሽ ሂጂ። ሰኞ ሰልፉ ስለሚበዛ ሌላ ቀን ምረጡ፤ ማልዳችሁ ድረሱ። ወረፋ ስትጠብቁም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ማየት የሚችልበት መቀመጫ ፈልጊለት።